«ወፍርልኝ!» ያለችው እህቴ

«ወፍርልኝ!» አለችው።

እህቴ እኮ ናት! «እወድሃለሁ» አላለችም፣ «ያላንተ አልኖርም» አላለችም። በሚዛኑና በጠረጴዛው መሀል ቆማ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ፣ «ወፍርልኝ! እባክህ ወፍርልኝ!» አለችው። እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ብስኩቴ ከእጄ ወደቀ። ያውም ሳልጨርሰው። ሙች! አላነሳሁትም።

ውይ፣ ከመሀል ጀመርኩባችሁ አይደል? እታለም «ራዲዮ» የምትለኝ ወዳ አይደለም። አንዴ ከተከፈትኩ የሚዘጋኝ የለም። እታለም ማለት ታላቅ እህቴ ናት። አሁን መኝታ ቤታችን ውስጥ ራሴን ቆልፌ፣ የሂሳብ ደብተሬን ጀርባ ገልብጬ ነው የምጽፍላችሁ። በሩ እየተንኳኳ ነው። ያንኳኩ! ለምን እንደቆለፍኩ እደርስበታለሁ፤ ከስር መሠረቱ ካልነገርኳችሁ ግን አትፈርዱልኝም።

እታለም የምትሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ክፍል አለ፤ ከሱ ቀጥላ ያለችው ጠባቧ ክፍል የሷ ናት። የከሳ ሰው ወደሷ ይላካል። ሚዛን ላይ ታወጣዋለች፣ ክንዱን ቀይና ቢጫና አረንጓዴ ባለው ጥብጣብ ትለካዋለች፣ አረንጓዴ ማለት ደህና፣ ቢጫ ማለት ገና ነው፣ ከዚያ ከለውዝ የተሠራ እሽግ ምግብ አለ፣ ጫፉን ቀደድ አድርገው የሚመጥጡት፣ እሱን ቆጥራ ትሰጠዋለች። ተራ ጠባቂዎቹ «ለውዙ» ነው የሚሉት።

«መድኃኒቱ ቫይረሱን ያስተኛዋል፤ የወደቀ ሰውነት የሚያነሳው ግን ምግብ ነው። ለውዙ መድኃኒቱን አይተካም፣ መድኃኒቱም ለውዙን አይተካም። ሁለቱንም!» ትላለች ለገባው ሰው ሁሉ። በእንቅልፏም ትለዋለች። አብረን ነው የምንተኛው፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ታዲያ የሚፈለግበት ኪሎ ላይ የደረሰ ሰው «ተመረቀ» ይባላል። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ከጎን ክፍል እየወሰደ ይሄዳል እንጂ እታለም ጋ አይመጣም። ይቺን ያዙልኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚች ነው።

እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ? የቤታችን ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላው ተሰብሮ ቀርቷል፣ ያለው ደሞ እታለም ቦርሳ ውስጥ ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፣ እስኪመሽ ሱቋ ናት። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እታለምን እጠብቃለሁ። የክፍሏ በር ደሞ አይዘጋም! ቁልፉ ከወለቀ ቆይቷል። አስተዳደሩ ጋ ስትመላለስ ጫማዋ አልቋል፤ «እናያለን» ይሏታል። ሰው ስለ ደሙ የሚያወራበት በር እንዲህ ገርበብ ብሎ ምኑን ነው የሚያዩት? ኡፍ! በዚህ የተነሳ እታለም «ማዳመጫሽን ጆሮሽ ላይ አድርጊ» ትለኛለች። አደርጋለሁ። ዘፈን ግን አልከፍትም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እሱ የመጣው።

ቁልፍ ሠሪ ነው፤ እኔ በልቤ «ቁልፌ» ብዬዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሸሚዙ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ነበር የሚመስለው፣ ውስጡ ሰው ያለ አይመስልም። ዓይኑ ግን... ውይ ዓይኑ! ገና ሲገባ እታለምን ሳያይ በሩን አየ። ዳሰስ ዳሰስ አደረገውና «ይሄ በር ታሟል» አለ።

«በሩን ይተዉትና እርስዎ ሚዛኑ ላይ ይውጡ» አለችው።

«በነፃ ልሥራልዎት?»

«ከታካሚ ስጦታ አንቀበልም።»

«ለእርስዎ መች አልኩ፣ ለበሩ ነው እንጂ።»

ሳቀች! እታለም ሥራ ቦታ ስትስቅ ያን ቀን አየሁ። ወዲያው ደሞ ጥርሷን ሰበሰበችው፣ እንዳልሳቀች። ሲወጣ እኔን አየኝና «ሁልጊዜ እዚህ ከምትቀመጪ ትርፍ የቤት ቁልፍ ልቁረጥልሽ?» አለኝ። «አይ! አመሰግናለሁ!» አልኩት ሳይጨርስ። አብጃለሁ እንዴ?

ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮው መጣ። እታለም የሌላውን ሰው ክንድ አንዴ ትለካለች፤ የሱን ሁለቴ። ጥብጣቡን ጠቅልላ እስክታስቀምጥ ያለው ዝምታ ደሞ! እሱ ጣሪያ ያያል፣ እሷ ወረቀት ታያለች፣ እኔ በበሩ ክፍተት ሁለቱንም አያለሁ። ጥብጣቡ ግን ያው ቢጫ። በሚቀጥለውም ቢጫ። በሚቀጥለውም!

«የደም ምርመራዎ በጣም ጥሩ ነው፣ ቫይረሱ መታየት አቁሟል» አለችው አንድ ቀን፣ ድምጿ ሊሰበር ደርሶ። «ታዲያ ኪሎዎ ለምንድነው ንቅንቅ የማይለው? ለውዙን ይበላሉ?»

«እበላለሁ።»

ጆሮው ቀላ። ውሸታም! እኔ እንኳን በማዳመጫ ውስጥ ሆኜ ነቃሁበት፣ እሷ እንዴት አልነቃችም? ያን ቀን ቤት ገብታ ምግብ አልበላ አላት። እማዬ ደሞ የማታውቀውን ቁስል ልትነካካ፣ «እኔ መርፌ ለመርፌ ስሄድ ዓይኔ የጠፋው፣ አንቺን አስተምሬ ባለ ከረባት በሬን ሲያንኳኳ ለማየት ነው» አለቻት። እታለም ሹካዋን እያገላበጠች ሩዙን ታይ ነበር፣ ልክ እንደ በሽተኛ። እኔ ሁለቱንም ግንባራቸውን ላጋጫቸው አማረኝ። በንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። ከጤና ጣቢያው ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ፣ ከማስቲካና ከባትሪ ድንጋይ መሀል፣ ለውዙ ተደርድሮ ሲሸጥ እታለም አየች። በነፃ የሚታደለው! እሳት ጎርሳ ወደ ክፍሏ ተሻገረች። ያን ቀን ደሞ የቁልፌ ቀጠሮ ነበር።

መዘነችው። ለካችው። ቢጫ።

«ይሸጡታል አይደል?» አለችው።

«ምኑን?»

«ለውዙን! ሱቅ ውስጥ በዓይኔ አየሁት። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የእርስዎን ኪሎ ሳስብ አድራለሁ፣ እርስዎ ይቸረችሩታል!»

ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድራለሁ! ራሷ አፏ ላይ ያመጣችውን የሰማች አልመሰለኝም። እሱ ግን ሰማ። ድርቅ ብሎ ቀረ።

«አልሸጥኩም» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ የት ገባ? ሰውነትዎ ላይ እንደሆነ የለም!»

ወለል ወለሉን አየ። ኧረ ተናገር አንተ ሰው! ጥፍሬን በላሁት።

ይሄኔ እማማ ከአጠገቤ ተነሱ። እማማ ሁልጊዜ አግዳሚው ላይ ጎኔ የሚቀመጡ ቀልደኛ አሮጊት ናቸው፣ እሳቸውም ለምርቃት አንድ ቀጠሮ የቀራቸው ተመዛኝ ናቸው። በሩን በክርናቸው ገፋ አድርገው፣ «ልጁን ልቀቂው። እኔ ነኝ የበላሁት» አሏት።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«የኔንም የሱንም። በር ላይ ጠብቆ ‹እኔን አይስማማኝም፣ እርስዎ ይብሉልኝ› ይለኛል። እኔ ደሞ እህል አልጥልም፣ እናቴ ቀጥታ ነው ያሳደገችኝ። አላየሽም ክንዴን? ጥብጣብሽ ሊበጠስ ምን ቀረው!»

እታለም እማማን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና የእማማን ክንድ አየች። እውነትም! እሱ ቢጫ ላይ ተተክሎ ሲከርም እማማ እንደ ሊጥ ኩፍ ብለዋል። እሳቸውን እባክዎ ይውጡልኝ ብላ አስወጣችና በሩን ገፋችው፤ በሩ ደሞ እንደ ልማዱ ተመልሶ ገርበብ። እኔና እማማ አግዳሚው ላይ ተጣብቀን ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ለምን?» አለችው።

«ሰው ሲመረቅ አየሁ» አላት። «አጨበጨቡለት። ወጣ። ከዚያ ወዲያ እዚህ አይቼው አላውቅም። እኔስ ከተመረቅኩ... አንቺን በምን ሰበብ ነው የማይሽ? መድኃኒቴን አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ በሱ አልቀልድም። ለውዙን ብቻ ነው የተውኩት። ቢጫ ላይ ከቆየሁ ቀጠሮ አለኝ።»

«አንቺ» አላት! እማማ ጉልበቴን ቆነጠጡኝ።

እታለም ፈነዳች። «አንተ ጅል! አንተ ደንቆሮ ቁልፍ ሠሪ! አንተን ወድጄ አፌን መክፈት ያልቻልኩት እኮ ታካሚዬ ስለሆንክ ነው! እዚህ ሚዛን ላይ በወጣህ ቁጥር ‹ዛሬስ አረንጓዴ ይሁንልኝና ከዚህ ክፍል ይውጣልኝ፣ መንገድ ላይ እንደ ሰው ሰላም ልበለው› እያልኩ ስጸልይ የከረምኩት እኔ! አንተ ደሞ ልታየኝ ብለህ ትከሳለህ? ሰውነትህ እኮ ገና ከሞት አፍ ነው የወጣው! ብትወድቅ ማንን ልታይ ነው?»

ከዚያ ነው ያለችው። ወፍርልኝ። ይወፍሩልኝ አይደለም፤ ወፍርልኝ! ብስኩቴም ያኔ ነው የወደቀው።

እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እማማ በሻርባቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ወይኔ፣ የሰው ፍቅር ነው ለካ ስበላ የከረምኩት» አሉ፤ እኔ ስስቅም ሳለቅስም ንፍጤ መጣ።

በዚህ አለቀ ብላችኋል? እኔም ብዬ ነበር። የትልልቅ ሰው ነገር መች ያልቃል!

ቁልፌ መብላት ጀመረ። ለውዙንም፣ እንቁላሉንም፣ ድንቹንም። ጉንጩ ሞላ ሞላ አለ፤ ማንጠልጠያው ላይ ሰው ተገኘ። ግን ቸኮለ። አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ ወጣና ቁጥሩ ዘሎ የምርቃቱ ኪሎ ላይ ቁጭ አለ። እታለም ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ አግዳሚው በሙሉ አጨበጨበ፣ እኔ እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

ጥብጣቡን አወጣች። ቢጫ።

ሚዛኑን አየች። ክንዱን አየች። እሱ ከሚዛኑ ሲወርድ ቅጭል... ቅጭል አለ።

«ኪስህን አውጣ» አለችው።

አንድ ጓጉንቸር። ሌላ ጓጉንቸር። የብስክሌት ሰንሰለት። ከጃኬቱ ውስጥ ደሞ የቁልፍ እስር፣ የበሬ ቃጭል የሚያህል። ጠረጴዛው ላይ ሲከመር፣ ተመርቀውም ለወሬ ሲሉ አግዳሚውን ያልለቀቁት እማማ ከውጭ፣ «ሱቁን ተሸክሞ ነው እንዴ የመጣው ይሄ ልጅ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እታለም ግን አልሳቀችም። ያ ፊቷ! ስናደድባት የኖርኩት እኔ እንኳን አዘንኩላት።

«መጀመሪያ እያነስክ ዋሸኸኝ፣ አሁን ደሞ እየበዛህ» አለችው። «መጨመር ያለብህ አንተ ነህ እንጂ ብረቱ አይደለም። ሦስተኛ ውሸት ከሰማሁብህ ግን፣ ወፍረህ በር አላስገባ ቢልህ እንኳ አልፈልግህም። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ። ጓጉንቸሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኪሱ መለሰ። በጥፊ ላጠናግረውም ላቅፈውም አማረኝ።

በመጨረሻ ደረሰ፤ የምር ደረሰ። ያን ቀን ማንም ቀድሞ አላጨበጨበም፣ እማማ እንዲያውም «ፈትሺው!» ብለው ጮሁ። ኪሶቹን ሁሉ ወደ ውጭ ገለበጣቸው፤ እንደ ጥንቸል ጆሮ ተንጠልጥለው ቆመ። ክንዱን ለካች። አረንጓዴ። ሁለቴ ለካች፣ አሁንም አረንጓዴ። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። እሷ ጥብጣቡን ጠቀለለች፣ ዘረጋች፣ ጠቀለለች። ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

በማግስቱ መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ ታካሚዋ አይደለማ! በሩን ሠራላት። ግጥም ብሎ ተዘጋ። እኔ ውጭ ቀረሁ። አንድ ቃል አይሰማም! ታዲያ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት አውቃለሁ? አላውቅም! ብቻ እታለም ወደ ቤት ስንሄድ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ስጠይቃት «ማዳመጫሽን አድርጊ» ትለኛለች። በቅናት ልሞት!

እሺ። አሁን ዛሬ ላይ ደረስን።

ዛሬ እሁድ ነው፤ ለምሳ ቤት አመጣችው። «ጓደኛዬ ነው» አለች፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር። እማዬ እጁን አየች፣ ዘይት የገባበት ጥፍሩን አየች፣ «ሥራህ ምንድነው ልጄ?» ስትል «ቁልፍ ሠሪ ነኝ» አላት። ከረባቱ በዓይኗ ፊት በኖ ሲጠፋ አየሁት። ግን የመኝታ ቤታችን በር እንዳይዘጋ ሆኖ ነበርና ሳይለምኑት ተነስቶ ምሳው እስኪቀርብ ሠራው፤ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። እማዬ ትንሽ ለሰለሰች። ሳህኑን ሞላችለት። ጨረሰ፤ ደገመችለት። ጨረሰ፤ ሠለሰችለት። እታለም ሲበላ የምታየው አስተያየት! ሰው እንዲህ አድርጎ ሲኒማ አያይም።

ውሃ ሊያመጣ ተነሳና ጀርባውን ሰጠን። እማዬ ሱሪውን አየች።

እዚህ ላይ ነው የተበላነው። እማዬ እኮ ልብስ ሰፊ ናት!

«ቆይ እስኪ» አለች። «ይሄን ሱሪ ማነው ያጠበበው?»

«እ? ሰፈር ያለ ሰፊ ነው እትዬ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የጠበበው። መልሶ የተለቀቀው ደሞ በቅርብ ነው፤ የድሮው ስፌት ቀዳዳው እንኳን አልተደፈነም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ክር ግን ወዲያው ነው የሚናገረው። ሰው በጤናው ይህን ያህል አይከሳም። ታመህ ነበር?»

ማንኪያዬ ሳህኑ ላይ ቀጭ አለ። እሱ እታለምን አየ። እታለም የገበታውን ልብስ አየች። እሷ አፍ የላትም፤ የታካሚን ምስጢር አታወጣም፣ ለእናቷም ቢሆን። ትውደደው አትውደደው፣ አታወጣም።

«አዎ፣ ታምሜ ነበር። አሁን ደህና ነኝ» አላት። አልዋሸም! ግን ድምፁ ቀጠነ።

«እሰየው። ምን ነበር?» ከዚያ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ እታለም ዞረች። «የት ነው የተዋወቃችሁት?»

እታለም ማንም ያልጠየቃትን ጨው ወደ እማዬ ገፋችላት። እማዬ የእታለምን ክፍል ታውቃታለች፤ ማን እንደሚገባባት ታውቃለች። «ጤና ጣቢያ» ማለት ሁሉንም ማለት ነው።

«እሺ» አለች እማዬ፣ ወንበሯን ወደኔ አዙራ። «ራዲዮ! አንቺ የማታውቂው ነገር የለም። የኔ ልጅ አትዋሸኝም። የት ነው የተዋወቁት?»

እኔ ምን አልኩ? «እጄን ታጥቤ መጣሁ!» አልኩና ሮጬ ገብቼ ቆለፍኩ። ቁልፉ አዲስ ነው፣ ግጥም አድርጎ ይቆልፋል።

መጀመሪያ እማዬ አንኳኳች፤ «ክፈቺ፣ ጨዋ አይደለሽም?» አለች። ቀጥሎ እታለም መጣች፤ በሩን ተደግፋ ስትተነፍስ ብቻ ሰማኋት፣ ያ ደሞ ከጩኸት ይብሳል። አሁን እሱ ነው ያለው። በጣም ቀስ ብሎ አንኳኳና በቁልፉ ቀዳዳ አወራኝ።

«ራዲዮ፣ ይሄን በር በደቂቃ እከፍተዋለሁ። ግን አልከፍተውም፣ አንቺው ክፈቺው። ስለኔ ብለሽ እንዳትዋሺ፤ ሁለቴ ዋሽቼ ሊያልቅልኝ ነበር። እኔው ልነግራት ነው የመጣሁት። መድኃኒቴን እንደምወስድ፣ ቫይረሱ እንደማይታይ፣ በእታለምሽ እጅ ሰው እንደሆንኩ፣ ሁሉንም። ግን ‹ታመህ ነበር?› ስትለኝ አፌ ተቆለፈብኝ። አንድ ሰው አጠገቤ ቢቆም እላት ይሆናል። እታለምሽ ሥራዋ ሆኖ አፏ ታስሯል። አንቺ ነሽ የቀረሽኝ።»

ቁልፌ ነው እንዲህ የሚለኝ። የዓለምን በር ሁሉ የሚከፍተው ሰው!

ምን ይሻለኛል እንግዲህ? ከወጣሁ እማዬ እሱን አትጠብቅም፤ ቀድማ ዓይኔን ታየኛለች፣ እኔ ደሞ ፊቴ ዜና ያነባል። እሱ ሳይናገር ከፊቴ ላይ አንብባ ካወቀች፣ ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካልወጣሁ ደሞ ብቻውን ይቆማል፤ አፉ ተቆልፎ፣ ሱሪው እየተናገረበት። ከነገራትስ? እማዬ ያቺን ወንበር ለሱ ትመልስለት ይሆን ወይስ ትገፋበት ይሆን? ያን ሁሉ ለውዝ፣ ያን ሁሉ ቢጫ፣ ያን ሁሉ እንባ አልፈው መጥተው አንድ የሱሪ ስፌት ላይ ሊወድቁ? ኡፍፍፍ! ልጮህ ነው!

ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ላብ ላብ ብሎታል። እሱ አሁንም በሩ ጋ አለ፣ ጥላው ከስር ይታየኛል።

እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱት ነበር? ከፍታችሁስ፣ እማዬ ገና ዓይናችሁን ስታይ ፊታችሁን ምን ታደርጉት ነበር?